ጀርባው ያልታየ ቡፌ

ዓይኑ የሚመጣው በየሦስት ወሩ ነው። ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ካለው ደቂቃም ዝንፍ አይልም። እኛ አዳማ ከቀለበት መንገዱ በታች በአንድ መስመር የተደረደርን ሰባት ቤቶች ነን። በቀን አንድ ቤት ያያል። በር ይከፈትለታል፣ ቤተሰቡ ግድግዳውን ተደግፎ በዕድሜ ቅደም ተከተል ይቆማል፣ እጅ ከኪስ ይወጣል። ዓይኑ ኢንሹራንሱ የሚልከው በራሪ ካሜራ ነው፤ ከርግብ አይበልጥም። ሳሎኑን ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ ጣራውን ያያል፣ የግድግዳውን ስንጥቅ ያያል፣ ከዚያ ይወጣል። ልጆች እንዳይስቁ ከዋዜማው ይመከራሉ። ሲገባ "ኖር" ብለው ከወንበራቸው የሚነሱለት የመጀመሪያው ቤት ባለቤት እትዬ ፌቨን ብቻ ናቸው። "እንግዳ እንግዳ ነው" ይላሉ። ዓይኑ ግን "በእግዜር" ብሎ አያውቅም።

በማግስቱ የቤቱ እርከን በሩ ላይ ይበራል። አንደኛ እርከን እኛ ሰፈር የለም። ሁለተኛ እርከን ያገኘ ቤት ነፋስ ቢያፈርሰው ኢንሹራንሱ እዚያው ቦታው ላይ መልሶ ይሠራዋል። ሦስተኛ እርከን አይሠራም። ባለቤቱ ወንጂ መንገድ ወዳለው ማቆያ ይወሰዳል፣ ድንኳን ይሰጠዋል፣ ቦታው ስድስት ወር ታጥሮ ይቆይና ለሌላ ይተላለፋል። የምንከፍለው እኩል ነው። አውሎ ነፋሱ በዓመት አራት አምስቴ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ሰው ሲተዋወቅ ከስሙ ቀጥሎ የሚጠያየቀው እርከኑን ነው።

በመጀመሪያው ዕይታ ከሰባታችን ሁለተኛ እርከን ያገኘው የእትዬ ፌቨን ቤት ብቻ ነበር። ዕድሩ ተሰብስቦ ነገሩን አገላብጦ አየው። የእሳቸው ጣራ ከእኛ አይሻልም፤ ግድግዳቸውም ያው ብሎኬት ነው። እሳቸው ያላቸው፣ እኛ የሌለን አንድ ነገር ብቻ ተገኘ፤ ቡፌ። ባለቤታቸው ጋሽ ሮቤል፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ አናጺ ነበሩ። በተጋቡበት ዓመት ከዋንዛ የሠሩት፣ በሮቹ ባለመስታወት የሆነ ቡፌ ነው። ዓይኑ ቡፌ ያለው ሰው ጣራውንም ይጠብቃል ብሎ ይሁን፣ ሌላ ስሌት ይኑረው፣ የሚያውቅ የለም። ኢንሹራንሱን ብንጠይቅ እሱም እንደማያውቅ በትሕትና ጽፎ መለሰልን።

"ታዲያ ምን ታካብዳላችሁ? ተዋዋሱት" አሉ እትዬ ፌቨን።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ቡፌው ዓይኑን አንድ ቤት እየቀደመ ኖረ። ዓይኑ የአንዱን ቤት አይቶ ሲሄድ ቡፌው ብርድ ልብስ ለብሶ በእጅ ጋሪ ወደሚቀጥለው ይገባል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ዳንቴል ያነጥፍበታል፣ የራሱን ብርጭቆ ይደረድርበታል። አንዱ የምረቃ ፎቶ ያቆምበታል፣ ሌላው ሰዓት። ዓይኑ የአንዱን ቤት ገመና ከሌላው ጋር እንዳያስተያይ በሕግ ተከልክሏል፤ ስለዚህ አላወቀብንም። ሰባታችንም ሁለተኛ እርከን ሆንን። ማጭበርበር ነው አላልነውም። ለሰርግ ወንበር፣ ለለቅሶ ብርጭቆ የማይዋዋስ ሰው የለም፤ ይሄም ያው ውሰት ነው አልን።

የእኔ ቤት የመጨረሻው፣ ሰባተኛው ነው። ዓይኑ እኔን አይቶ ሲጨርስ በማግስቱ ጠዋት ቡፌውን ለባለቤቱ የምመልሰው እኔ ነኝ። እዚህ ላይ የምጽፈው የሚያኮራ ነገር አይደለም።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ ዓይኑ እሁድ ዕለት ቤቴን አይቶ ሄደ። ሰኞ ጠዋት ቡፌው መመለስ ነበረበት። የምሠራው የሽንኩርት መጋዘን ውስጥ ነው፤ አለቃዬ ደግሞ ማክሰኞ ምሳ ቤትህ እበላለሁ ብሎኝ ነበር። ባዶ ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ሲበላ ታየኝና ጨነቀኝ። ባለቤቴ ሶልያና ሐሳቤን ገና ሳልናገረው አውቃዋለች።

"በሰው ዕቃ አንኩራራ፤ መልሰው" አለችኝ።

"ሁለት ቀን ምን ይለዋል?"

"ለእኛ ምንም አይለውም። ዕቃው ግን የሳቸው ነው።"

እትዬ ፌቨን ጋ ደወልኩ። ወገቤን ይዞኛልና ለረቡዕ ላድርሰው አልኳቸው። ወገቤ ደህና ነበር። "ተኛበት ልጄ፣ ዕቃው የትም አይሄድ" አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወገቤን የምታሽበት ቅባት ላኩልኝ። ቅባቱን ተቀብዬ ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ማክሰኞ አለቃዬ አልመጣም። ሥራ በዝቶበት ነው ብሎ ላከብኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን የዓመቱ አራተኛው ነፋስ መጣ። በደንቡ መሠረት አራታችን፣ እኔ፣ ሶልያናና ሁለቱ ልጆች፣ ሽንት ቤት ገብተን ራሳችንን በፍራሽ ሸፍነን ተቀመጥን። ልጆቹ ለምደውታል፤ ትንሿ እንቅልፍ ወሰዳት። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ስንወጣ ጣራችን የለም። የሳሎኑ የፊት ግድግዳ ወደ ውስጥ ወድቋል፤ የወደቀውም ቡፌው ላይ ነው።

የሰባቱም ቤት ጣራ ሄዶ ነበር። የእትዬ ፌቨን ግድግዳ ግን አንዱም አልወደቀም። ሳሎናቸው ውስጥ ብርጭቆ እንኳ አልተሰበረም። ቡፌው በቀኑ ቦታው ቢመለስ ኖሮ ዛሬም ቆሞ ነበር። ይህን ለማወቅ ስሌት አያስፈልግም፤ መንገዱ ላይ ቆሞ ወደ እሳቸው ቤት አንዴ ማየት ይበቃል።

በማግስቱ በጠዋት መጡ። የሰባ ሦስት ዓመት ሴት ናቸው፤ በወዳደቀው ቆርቆሮ ላይ ነጠላቸውን ሰብስበው እየተራመዱ ነው የመጡት። እግራቸው ላይ ልወድቅ አሰብኩ። እሳቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ሌላ ነው።

"ወገብህ እንዴት አደረልህ?"

"ደህና ነው፣ እትዬ። ቅባቱ ረድቶኛል።"

ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ውሸቴን ልናዘዝ አፌን ከፍቼ ሌላ ውሸት ጨመርኩበት። እሳቸው ግድግዳው ሥር የተጨፈለቀውን እንጨት አዩት፤ ብዙ አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ልጆቹ እንዳይረግጡት የመስታወት ስባሪ መልቀም ጀመሩ። "ሰው ተርፎ የለ? እሱን አመስግን" አሉኝ።

የኢንሹራንሱ ደንብ አጭር ናት፤ የታየ ይታያል። ዓይኑ ቤትህ ውስጥ ያየው ዕቃ ሁሉ፣ ደህናውም ስባሪውም፣ ለጉዳት ገማቿ መታየት አለበት። ያልታየ ዕቃ እንደተደበቀ ይቆጠራል፤ ዕቃ የደበቀ ሰው ሦስተኛ እርከን ይሆናል። በሰባት ቤት የታየ ቡፌ አለን፤ ያለን ስባሪ ደግሞ የአንድ ቡፌ ነው።

ዕድሩ በዚያው ቀን ጣራ አልባው መሰብሰቢያችን ውስጥ ተቀመጠ። ሰብሳቢያችን አቶ ናሆም ጉሮሯቸውን ሦስቴ ጠረጉ፤ የሚሉትን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ግን ቀድሞ ሊለው አልፈለገም። በመጨረሻ እትዬ ፌቨን ራሳቸው ተናገሩት።

"ለሁሉም አድሉት። የሞተ ነገር ነው።"

"እንግዲያው እርስዎ ቅድሚያ ይምረጡ" አሉ አቶ ናሆም።

"ኧረ እኔም እንደ ሰው ነኝ። ዕጣ ይሁን።"

የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። እኛ ያን ቀን ስንልስ ዋልን። ቡፌው በሰባት ተከፈለ፤ ግራ በር፣ ቀኝ በር፣ መሳቢያ፣ እግሮች፣ መደርደሪያ፣ የአናቱ ጌጥ፣ ጀርባ። ወረቀት ተጠቀለለ፣ ባርኔጣ ውስጥ ተከተተ። ለእኔ ቀኝ በሩ ደረሰኝ። ለእትዬ ፌቨን ጀርባው።

ጀርባው ሜዳ ሳንቃ ነው፤ ቅርጽ የለው፣ መስታወት የለው። ልቀይርዎት የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ግን ዙሪያውን አየሁ፤ መሳቢያ የደረሰው አቶ ናሆምን ያያል፣ አቶ ናሆም እግር የደረሰውን ያያል፣ እሱ ደግሞ እኔን። ቀድሞ አፉን የከፈተ ሌላውን እንዳያሳፍር የተባባልን ይመስል ሁላችንም ዝም አልን። እሳቸው ሳንቃቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ገማቿ አርብ መጣች። ደብሪቱ ትባላለች፣ ገና ሃያ አራት ዓመቷ ነው። የዘንድሮ ወጣቶች ስማቸው ሁሉ የቅድመ አያት ስም ነው። ሰውን የምታንጓጥጥ ልጅ አይደለችም፤ ከየቤቱ ስትወጣ "እንኳን ነፍሳችሁ ተረፈ" ትላለች። ዓይኑ ከትከሻዋ በላይ ይከተላታል። ከመጨረሻው ቤት ጀምሮ የእኔን የቡፌ በር አየ፤ አወቀው። እግሩን አወቀ፣ መሳቢያውን አወቀ፣ የአናቱን ጌጥ አወቀ። ስድስት ቤት ጸደቀ። እትዬ ፌቨን ቤት ሲደርስ ግን ሳንቃው ላይ ሦስቴ ዞረና ዝም አለ።

"አላወቀውም" አለች ደብሪቱ።

"እንዴት አያውቀውም? የቡፌዬ ጀርባ ነው" አሉ እትዬ ፌቨን።

"ጀርባውን አይቶት አያውቅም፣ እማማ። ሁልጊዜ ወደ ግድግዳ ዞሮ ነው የቆመው።"

መንገደኛ ይመስል ሁላችንም ደጃፉ ላይ ቆመን ነበር። ደብሪቱ ደንቡን ከፍታ አነበበች፤ ምስክር ካለ ይቻላል፣ ፋይሉም ለዚህ ስድስት ወር ክፍት ይቆያል አለች። ቡፌውን እዚህ ቤት ውስጥ ያየ፣ ይህም ሳንቃ የእሱ መሆኑን የሚያውቅ አንድ ጎረቤት ይበቃል። እትዬ ፌቨን ሳያስቡ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ።

"ኢዮስያስ ይመስክርልኛል። ይሄ ልጅ እዚሁ ነው ያደገው።"

ውሸት አልተናገሩም። እናቴ ገበያ ስትውል የምበላው እሳቸው ቤት ነበር። ያን ቡፌ ቁመቴ እጀታው ሳይደርስ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

"ጥሩ" አለች ደብሪቱ። "አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ምስክር የሆነ ሰው ማኅደሩ ከባለ ጉዳዩ ማኅደር ጎን ይከፈታል። ሁለቱ ይተያያሉ።"

እትዬ ፌቨን ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ከትከሻዬ አነሱ። ቀስ ብለው ነው ያነሱት። ማኅደሬ ከእሳቸው ማኅደር ጎን ቢከፈት ያው ቡፌ በሁለት ዳንቴል ይታያል፤ ቤቴም ያበቃለታል። ደብሪቱ ወደ እኔ ዞራ ጠየቀችኝ፤ ይህ ሳንቃ የእሳቸው ቡፌ ነው ወይ?

"ልብ ብዬ አላየሁትም" አልኩ።

ሶልያና ከኋላዬ ትንፋሿን ስትስብ ሰማኋት። እትዬ ፌቨን ደግሞ ለደብሪቱ ፈገግ አሉላት።

"እውነቱን ነው። ቤቴ ብዙም አይመጣም" አሉ።

የእትዬ ፌቨን ቤት ሦስተኛ እርከን ተባለ፤ በሳምንቱ የማቆያው መኪና መጣ። ዕቃቸውን የጫንነው እኛ ነን፤ ስድስቱ አባወራዎች። ሰው እንደዚያ ቀን ተሯሩጦ ሲያግዝ አይቼ አላውቅም። አንዱ አልጋ ይሸከማል፣ ሌላው ባልዲ ይቀማል፣ አቶ ናሆም ገመዱን ፈትተው ደግመው ያስራሉ። እጃችን ሥራ እስካለው ድረስ ፊታቸውን ማየት አይጠበቅብንም። ሲሄዱ "በርቱ፣ ጣራችሁን ጠብቁ" አሉን።

ቤታችን በአሥራ አንድ ቀን ተሠራ። የታየው ሁሉ ተመለሰ። ኢንሹራንሱ ዓይኑ ባነሳው ምስል መሠረት ስድስት ቡፌ አምጥቶ በየሳሎናችን አቆመ፤ በሩ፣ መስታወቱ፣ የመሳቢያው ጭረት ሳይቀር ያው ራሱ። ጀርባ ብቻ አልነበራቸውም። ያልታየ አይሠራምና መሳቢያው ሲከፈት ግድግዳው ይታያል። አሁን ቡፌ ከቤት ቤት አይዞርም። ሁሉም የራሱ አለው፣ የሚዋሰው የለም፣ የሚያውሰውም የለም። እሁድ እሁድ እንኳ በር ማንኳኳት ቀርቷል። ከቡፌዎቹ ጋር ያመጡልን ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል።

ሶልያና በየሳምንቱ ማቆያ ትሄዳለች፤ ምግብ ትወስድላቸዋለች፣ ልብሳቸውን ታጥብላቸዋለች። እኔ አንድ ጊዜ መጋዘን ቆጠራ አለ እላለሁ፣ ሌላ ጊዜ ጉንፋን ያዘኝ እላለሁ። "ምን አሉ?" ብዬ ስጠይቃት "ሰላም በይልኝ አሉ" ትለኛለች። ከዚያ በላይ አትነግረኝም፤ ከዚያ በላይ አልጠይቅም። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለዕድር ስብሰባ እትዬ ፌቨን ራሳቸው መጡ። መዋጮ አቋርጠው አያውቁም። ስብሰባው ሲያልቅ ሶልያና እጃቸውን ይዛ ቤታችን አስገባቻቸው። ከስተዋል። አዲሱ ቡፌ ፊት ቆሙ፣ መሳቢያውን ሳብ አደረጉት፣ በውስጡ ግድግዳውን አዩና ሳቁ።

"ሮቤል ሦስት ቀን የላገውና ያለሰለሰው ጀርባውን ነበር። ማን ሊያየው ነው ስለው፣ እኔ አየዋለሁ አለኝ።"

ሻይ ጠጡ። ልጆቹን ስመው ስለ ትምህርታቸው ጠየቁ። ድንኳኑ በነፋስ ቀን እንደሚጮኽ፣ ማቆያው ውስጥ ግን ሰዉ ደግ እንደሆነ አወሩ። ሊነሱ ሲሉ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ፣ ለእኔም ለሶልያናም ሳይሆን ለነጠላው የሚነግሩ ይመስል እንዲህ አሉ።

"ያ ፋይሌ ሐሙስ ይዘጋል አሉኝ። ስድስት ወር ሞላው መሰለኝ።"

"እግዚአብሔር ያውቃል፣ እትዬ" አልኳቸው።

"እሱማ ያውቃል" አሉና ወጡ።

እኛ አገር ሰው ሲለምን እንዲህ ነው። አድርግልኝ አይልህም፤ ቀኑን ነግሮህ ይሄዳል። እኔም እግዚአብሔርን ጠርቼ ሸኘኋቸው። በሩ ላይ ቆሜ ጀርባቸውን እያየሁ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ነደደ። የሰው ስድብ ሰምቼ አውቃለሁ፣ አለቃዬም ሰው ፊት አዋርዶኝ ያውቃል። እንደዚያ ቀን ግን ራሴን ተጸይፌው አላውቅም።

ረቡዕ ዕለት ለሶልያና ነገርኳት። ምን እንደምንሆን እናውቃለን፤ ማቆያ ምን እንደሚመስል ደግሞ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። አላቀፈችኝም፣ አላመሰገነችኝም። ብርጭቆዎቹን ከቡፌው አውጥታ አንድ በአንድ በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረች።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮው ሲከፈት ገባሁ። ደብሪቱ ወዲያው አወቀችኝ።

"ለወይዘሮ ፌቨን ጉዳይ ምስክር ልሆን ነው። ቡፌው የሳቸው ነው። እኔ ቤት የነበረው በውሰት ነው" አልኳት።

"ማኅደርዎ እንደሚከፈት ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ።"

ሁለቱን ጎን ለጎን ከፈተቻቸው። ያው ቡፌ፤ አንዱ ላይ የእትዬ ፌቨን ነጭ ዳንቴል፣ ሌላው ላይ የሶልያና ሰማያዊ። ብዙ አየቻቸውና ዓይኗን ከምስሉ ሳታነሳ ተናገረች።

"ማዋስ ጥፋት አይደለም። የሰውን የራስ አድርጎ ማሳየት ነው ጥፋቱ። የወይዘሮ ፌቨን ቤት ይሠራል። የእርስዎ ወደ ሦስተኛ ይወርዳል። በአሥራ አምስት ቀን ቤቱን ያስረክባሉ።"

"የሌሎቹስ?"

"የሌሎቹን አልከፈትኩም። ልክፈት?"

"የለም፣ ስለራሴ ብቻ ነው የመጣሁት።"

ጣቴን አሳረፍኩ። ልነሳ ስል አንድ ነገር ቀርቷል አለችኝ። ምስክሩ በዕለቱ ያልተናገረበት ምክንያት መሞላት አለበት።

"አፍሬ ነው" አልኳት።

ዝርዝሩን ወደ ታች ወረደችበት፣ ወደ ላይ ወጣችበት። "ሀፍረት የሚል የለውም። ፍርሃት፣ ዝንጋታ፣ ጥቅም። ከሦስቱ አንዱ ካልሆነ አይቀበለኝም።"

ስድስት ወር ሙሉ ለራሴ ይሉኝታ ነው ስለው ነበር። በዚያ ስም ነበር የምተኛው። ጎረቤት እንዳይጋለጥ፣ ዕድር እንዳይፈርስ፣ ሰው ምን ይለኛል። ዝንጋታ ብላት እንደገና መዋሸቴ ነው። ፍርሃት ብላት ሰው ያዝንልኛል፣ እኔም ለራሴ አዝናለሁ። ግን ያን ቀን ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ የእትዬ ፌቨን እጅ ከትከሻዬ ሲነሳ፣ ውስጤ የነበረው አንድ ሐሳብ ብቻ እንደነበር አውቃለሁ፤ ቤቴ ይሠራልኛል የሚል።

"ጥቅም በይው" አልኳት፣ ጠረጴዛውን እያየሁ።